ጦርነት በሀገር ዓለም አቀፍ ገጽታ ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ፦ ከማንኪራ የቡና ጫካ አንጻር

መግቢያ

ማንኪራ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል፣ በካፋ ዞን ዴቻ ወረዳ የሚገኝ ጥንታዊ የጫካ ቡና ስፍራ ነው። የካፋ ሕዝብ የቡና መገኛ አድርጎ ያከብረዋል። የዞኑ ዋና ከተማ ቦንጋ ከአዲስ አበባ 450 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከመቐለ ደግሞ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ የተካሄደው ጦርነት በዚህ አካባቢ አልተካሄደም። ይሁን እንጂ የውጭ መንግሥታት ዜጎቻቸው ወደ ኢትዮጵያ እንዳይጓዙ ሲያሳስቡ ማንኪራን ከጦር ግንባሩ ለይተው አላዩትም።

ይህ ጽሑፍ ጦርነት የአንድን ሀገር ስም በዓለም ፊት የሚለውጥባቸውን መንገዶች፣ የኢትዮጵያን ተሞክሮ፣ ከጦርነት ቀጣና ርቀው የሚገኙ እንደ ማንኪራ ያሉ አካባቢዎች የሚከፍሉትን ዋጋ እንዲሁም ዜጎች ሊያውቋቸው የሚገቡ ተግባራዊ ነጥቦችን ያቀርባል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በስተቀር በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር የተሰሉ ናቸው።

የሀገር ገጽታ ምንነት

የሀገር ዓለም አቀፍ ገጽታ ሲባል የሌሎች ሀገራት መንግሥታት፣ ነጋዴዎች፣ ጎብኚዎችና የመገናኛ ብዙኃን ስለ አንድ ሀገር የያዙት አጠቃላይ ግምት ነው። ግምቱ በዕለታዊ ውሳኔዎች ውስጥ ይገለጣል፦ ጎብኚው የት እንደሚሄድ፣ ባለሀብቱ ገንዘቡን የት እንደሚያኖር፣ አበዳሪው በምን ያህል ወለድ እንደሚያበድር፣ የመድን ድርጅት ለማን ዋስትና እንደሚሰጥ ይወስናል።

መልካም ስም የሚገነባው በብዙ ዓመታት የሰላም፣ የሥራና የመስተንግዶ ታሪክ ነው። በጦርነት ጊዜ የሚፈርሰው ግን በሳምንታት ውስጥ ነው። ከዚህም በላይ ጦርነት የሚካሄድበት ቦታ በካርታ ላይ ወሰን ቢኖረውም የጦርነቱ ስም የሚለጠፈው በመላው ሀገር ላይ ነው። በውጭ ሀገር የሚኖር አብዛኛው ሰው የሚያውቀው የሀገሪቱን ስም እንጂ የክልሎቿን፣ የዞኖቿንና የወረዳዎቿን ስም አይደለም።

ጦርነት ገጽታን የሚጎዳባቸው ዋና ዋና መንገዶች

1. የጉዞ ማሳሰቢያ፦ አብዛኞቹ መንግሥታት ለዜጎቻቸው የየሀገሩን የደኅንነት ሁኔታ የሚገልጽ ማሳሰቢያ ያወጣሉ። ለምሳሌ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ከ1 እስከ 4 ደረጃ የሚሰጥ ሲሆን 4ኛው ደረጃ «አትጓዙ» የሚል ነው። ማሳሰቢያው በሕግ የሚከለክል ባይሆንም ከፍተኛ ውጤት አለው። ብዙ የጉዞ መድን ውሎች መንግሥት አትሂዱ ወዳለበት ቦታ ለተጓዘ ሰው አይሠሩም፤ መድን የሌለውን ቡድን ደግሞ አስጎብኚ ድርጅት አይልክም።

2. የዜና ምስል፦ ስለ አንድ ሀገር ብዙም የማያውቅ ሰው ከተደጋጋሚ ጥቂት ምስሎች ሙሉ ሥዕል ይሠራል። ምስሉ እውነተኛ ቢሆን እንኳ የተነሳበት ቦታና ጊዜ ሲረሳ የመላው ሀገርና የሁልጊዜ መልክ ይሆናል።

3. የንግድና የድጋፍ ውሳኔ፦ ከሰብዓዊ መብት አያያዝ ጋር የተሳሰሩ የንግድ ዕድሎችና የበጀት ድጋፎች በጦርነት ጊዜ ይታገዳሉ ወይም ይቋረጣሉ።

4. የባለሀብት ስሌት፦ ባለሀብት ከትርፍ በፊት የሚመለከተው እርግጠኝነትን ነው። ነገ ምን እንደሚሆን የማይታወቅበት ሀገር የቱንም ያህል ርካሽ ቢሆን አይመረጥም።

ታሪካዊ ተሞክሮ

ጦርነት ሁልጊዜ የሀገርን ስም ዝቅ አያደርግም። ውጤቱ የሚወሰነው በጦርነቱ ምክንያት፣ በአካሄዱና በፍጻሜው ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ የተገኘው ድል ኢትዮጵያን በዓለም መድረክ ነፃነቷን ያስከበረች ሀገር አድርጎ አስተዋውቋታል። ከድሉ በኋላ ጣሊያን፣ ፈረንሳይና ብሪታንያ በአዲስ አበባ የዲፕሎማሲ መልእክተኞቻቸውን አስቀምጠዋል። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ያደረጉት ንግግርም የተወረረችውን ሀገር የፍትሕ ጥያቄ ምልክት አድርጓታል። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ያተረፈው ስም ዛሬም በኢትዮጵያና በደቡብ ኮሪያ ግንኙነት ውስጥ ይታወሳል።

በሌላ በኩል የእርስ በርስ ጦርነት ከዚህ የተለየ አሻራ ይተዋል። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ ከኮረም ያስተላለፈው የረሃብ ዘገባ ዓለምን ያነቃነቀ ሲሆን በተከታዩ ክረምት «ላይቭ ኤይድ» የተሰኘው የሙዚቃ ዝግጅት ተካሂዷል። ድርቁ በሰሜኑ ክፍል ከሚካሄደው ጦርነት ጋር ተደራርቦ ብዙ ሕይወት አጥፍቷል። ዘገባው እውነትን የተናገረና ዕርዳታ ያስገኘ ነበር። ሆኖም ከዚያ በኋላ ለረጅም ዓመታት የኢትዮጵያ ስም በውጭው ዓለም የተጠራው ከደረቀ መሬት ጋር ነው። በዚያው ወቅት የካፋ ጫካዎች አረንጓዴ ነበሩ፤ እንዲያውም በመንግሥት የሰፈራ ፕሮግራም ከወሎና ከትግራይ የተነሱ ወገኖች ከሰፈሩባቸው አካባቢዎች አንዱ ካፋ ነበር። ይህ የሀገሪቱ ሌላ መልክ ግን በዓለም ዓይን ውስጥ አልገባም።

ካፋ ራሱም ጦርነት የአንድን ሀገር ስም እንዴት እንደሚሸፍን የሚያሳይ ታሪክ አለው። የካፋ ንጉሣዊ መንግሥት ለዘመናት የቆየ ሲሆን ቦንጋ ከሩቅ የሚመጡ ነጋዴዎች የሚገናኙባት የገበያ ስፍራ ነበረች። በራስ ወልደ ጊዮርጊስ የተመራው ዘመቻ በ1890 ዓ.ም. መጀመሪያ የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በመማረካቸው ሲጠናቀቅ የአካባቢው ሕዝብ ከፍተኛ ጉዳት ደርሶበታል። እ.ኤ.አ. በ1905 ወደ ካፋ የተጓዘው ኦስትሪያዊው ፍሬድሪክ ቢበር ስለ ካፋ ሕዝብና ስለ ፈረሰው መንግሥት የሰበሰበውን መረጃ እ.ኤ.አ. በ1920 እና በ1923 በሁለት ቅጽ አሳትሟል። ቡናው ዓለምን ሲዞር የካፋ መንግሥት ታሪክ ግን ከተመራማሪዎች ውጭ እምብዛም ሳይታወቅ ቆይቷል።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የደረሰው የገጽታ ጉዳት

የኢትዮጵያ ጠቅላይ ሚኒስትር ዶክተር ዐቢይ አሕመድ የኖቤል የሰላም ሽልማት ማሸነፋቸው የተነገረው መስከረም 30 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። በዚያው ዓመት ኮሮና ቫይረስ የዓለምን ጉዞ አቋረጠ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ተጀመረ። በመሆኑም የቱሪዝም ዘርፉ ከወረርሽኙ ማገገም በሚገባው ጊዜ ሁለተኛ ጉዳት ደረሰበት። ከወረርሽኙ በፊት በነበረው እ.ኤ.አ. 2019 ኢትዮጵያ ከ800 ሺህ በላይ ዓለም አቀፍ ጎብኚዎችን አስተናግዳ ነበር።

በጦርነቱ ጊዜ የተወሰዱት ዋና ዋና ዓለም አቀፍ እርምጃዎች የሚከተሉት ናቸው፦

• የአውሮፓ ኅብረት 88 ሚሊዮን ዩሮ የሚጠጋ የበጀት ድጋፍ ማዘግየቱን በጥር 2013 ዓ.ም. አስታወቀ።

• በጥቅምት 2014 ዓ.ም. በመላ ሀገሪቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ አሜሪካን፣ ብሪታንያንና ጀርመንን ጨምሮ በርካታ መንግሥታት ዜጎቻቸው የንግድ በረራ እያለ ከኢትዮጵያ እንዲወጡ አሳሰቡ። የአሜሪካ ማሳሰቢያም ወደ 4ኛ ደረጃ ከፍ አለ።

• በዚሁ ወቅት በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፋብሪካ የነበረው ፒቪኤች የተሰኘ የአሜሪካ የአልባሳት ኩባንያ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ ገለጸ። ሐዋሳም እንደ ቦንጋ ከጦር ግንባሩ ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት።

• ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮጵያ ምርቶቿን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ገበያ ከምታስገባበት ከአፍሪካ የዕድገትና የተጠቃሚነት ዕድል ሕግ (አጎዋ) ተሰረዘች።

በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያንም በተለያዩ ከተሞች አደባባይ ወጥተዋል። አንዱ ወገን በትግራይ የሚደርሰው ጉዳት እንዲቆም ሲጠይቅ ሌላው «በቃ» በሚል መሪ ቃል የውጭ ጫናን ተቃውሟል። ዓለም ስለ አንዲት ሀገር ሁለት ተቃራኒ ሥዕሎች ከራሷ ልጆች አፍ ሰምቷል።

የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ከፍተኛ ኮሚሽነር ጽሕፈት ቤትና የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ይፋ ያደረጉት የጋራ ምርመራ ሪፖርት በጦርነቱ የተሳተፉ ወገኖች ሁሉ በተለያየ መጠን የመብት ጥሰት መፈጸማቸውን አመልክቷል። ይህም የሀገር ገጽታ የሚጎዳው በዘገባ ብቻ ሳይሆን በተፈጸመው ድርጊትም መሆኑን ያስገነዝባል። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የተፈረመው ስምምነት ጦርነቱን ቢያስቆምም በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተከሰተው ግጭት ምክንያት ሌላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጇል።

ማንኪራና ካፋ፦ በርቀት የሚከፈል ዋጋ

ካፋ በዓለም ፊት የሚቀርብበት የራሱ ስም አለው። ብዙዎች «ኮፊ» የሚለው ቃል ከካፋ እንደመጣ ሲናገሩ ሌሎች ደግሞ «ቀህዋ» ከሚለው ዐረብኛ ያያይዙታል። የቃሉ ምንጭ ቢያከራክርም የዐረቢካ ቡና ሰፊ የዘር ስብጥር በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካዎች ውስጥ መኖሩ በሳይንስ የተረጋገጠ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) በ2002 ዓ.ም. የካፋን ጫካ በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዝግቧል። በቦንጋ ከተማም ብሔራዊ የቡና ሙዚየም ተገንብቷል።

የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በኅዳር 2014 ዓ.ም. ሲመሠረት ቦንጋ ከክልሉ መቀመጫዎች አንዷ ሆናለች። አዲሱ ክልል ራሱን ለማስተዋወቅ በተዘጋጀበት በዚያው ሰሞን ኤምባሲዎች ዜጎቻቸውን ከሀገር እያስወጡ ነበር።

በዚያ ዓመት ከታየው ሁኔታ ልዩ ትኩረት የሚገባው የቡናና የእንግዳ ዕጣ መለያየት ነው። በ2014 በጀት ዓመት ኢትዮጵያ 300 ሺህ ቶን ያህል ቡና ለውጭ ገበያ አቅርባ እስከዚያ ጊዜ ድረስ ከፍተኛ የሆነውን 1.4 ቢሊዮን ዶላር ገቢ አግኝታለች። ለዚህም የብራዚል ቡና በድርቅና በውርጭ መጎዳቱን ተከትሎ የዓለም ዋጋ መናሩ አስተዋጽኦ አድርጓል። ከአጎዋ መሰረዝም ጥሬ ቡናን አልነካም፤ ምክንያቱም ጥሬ ቡና ከሕጉ ውጭም ቢሆን በጊዜው ወደ አሜሪካ ይገባ የነበረው ያለ ቀረጥ ነው። ጉዳቱ በዋናነት ያረፈው በአልባሳትና በመሰል የፋብሪካ ምርቶች ላይ ነበር።

ቡና በከረጢት ተጭኖ ወደብ ይደርሳል፤ ጥራቱም ገዢው ባለበት ተቀምሶ ይረጋገጣል። ጎብኚ ግን ራሱ መምጣት አለበት። በመሆኑም ከቡና ሽያጭ የሚኖር አካባቢ ጦርነትን ሊቋቋም ሲችል ከእንግዳ የሚኖረው አይችልም። በማንኪራ ሁኔታ ይህ ልዩነት ትልቅ ትርጉም አለው። የጫካ ቡና በዛፎች ጥላ ሥር የሚበቅልና በሄክታር የሚሰጠው ምርት ዝቅተኛ ነው። ጫካው ሳይመነጠር እንዲቆይ የሚያግዙት ከእሸት ቡናው ጎን ለጎን የሚገኙ ሌሎች ገቢዎች ናቸው፦ ማር፣ ቅመማ ቅመም፣ የአስጎብኚነት ክፍያ፣ የእንግዳ ማረፊያና የእደ ጥበብ ሽያጭ። ወደ ማንኪራ የሚመጣ እንግዳ እንደ ባርታ ፏፏቴና የእግዜር ድልድይ ያሉ ሌሎች የካፋ መስህቦችንም የመጎብኘት ዕድል አለው። የእንግዳ ገቢ ሲቋረጥ ዛፉን ከማቆየት ይልቅ መሬቱን ለሌላ እርሻ ማዋል የተሻለ መስሎ ይታያል። የሀገር ስም በሩቅ ግንባር ሲጎዳ ጫካውን የሚጠብቀው ቤተሰብ አንዱን የገቢ ምንጩን ያጣል።

የገጽታ መታደስ፦ የሌሎች ሀገራት ተሞክሮ

ስሪላንካ ለረጅም ዘመን የቆየው የእርስ በርስ ጦርነቷ ባበቃበት እ.ኤ.አ. 2009 ከ450 ሺህ ያነሱ ጎብኚዎችን ተቀብላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ቁጥሩ ከ2.3 ሚሊዮን በልጧል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 በአብያተ ክርስቲያናትና በሆቴሎች ላይ በደረሰው የቦምብ ጥቃት የዓመቱ ቁጥር ወደ 1.9 ሚሊዮን አሽቆልቁሏል። ይህም መውጣቱ ዓመታትን፣ መውረዱ ግን አንድ ቀንን እንደሚጠይቅ ያሳያል።

ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ1994 ከተፈጸመው የዘር ማጥፋት ወንጀል በኋላ ስሟ ከእልቂት ጋር ብቻ ይነሣ ነበር። ሀገሪቱ ስለደረሰው ነገር በግልጽ መናገርን፣ የመታሰቢያ ስፍራዎችን ማቆምንና በአንድ ምርት ጥራት መታወቅን መረጠች። በውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2008 «ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ» የተሰኘውን የቡና ጥራት ውድድር ከአፍሪካ ቀዳሚ ሆና አስተናግዳለች። ኢትዮጵያ ይህንኑ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ያካሄደችው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው።

ከእነዚህ ተሞክሮዎች ሦስት ነጥቦች ይወጣሉ። አንደኛ፣ የማስታወቂያ ሥራ ሰላምን ተከትሎ የሚመጣ እንጂ ሰላምን የሚተካ አይደለም። ሁለተኛ፣ የደረሰን ጉዳት መካድ መተማመንን ያዘገያል፤ ተጠያቂነትና ግልጽነት ግን ያፋጥኑታል። ሦስተኛ፣ «ሀገሩ በሙሉ ሰላም ነው» ከሚል ጥቅል ቃል ይልቅ የትኛው አካባቢና የትኛው መንገድ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ የሚገልጽ ወቅታዊ መረጃ የበለጠ ይታመናል።

ለዜጎች ተግባራዊ መረጃ

ለአስጎብኚዎችና ለእንግዳ ተቀባዮች፦ የጉዞ ማሳሰቢያዎች ብዙ ጊዜ በአካባቢ ተከፋፍለው ይወጣሉ። እንግዳው የመጣበት ሀገር ስለ ካፋ ዞን በተለይ ምን እንዳለ፣ ማሳሰቢያው መቼ እንደታደሰና የእንግዳው መድን በአካባቢው የሚሠራ መሆኑን ከጉዞው በፊት ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የመድረሻው ሰላም ብቻውን በቂ አይደለም፤ ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል ወደ ቦንጋ የሚወስደው መንገድ ሁኔታም አብሮ መጣራት አለበት። እስከ ጅማ በአውሮፕላን ተጉዞ ቀሪውን 100 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና መሄድ ሌላው አማራጭ ነው። ለውጥ ሲኖር ለእንግዳው ሳይደብቁ ማሳወቅ ይገባል።

ለቡና አምራቾችና ለማኅበራት፦ ቡና የተመረተበትን ቦታ ለይቶ ማሳወቅ የአካባቢን ስም ከሀገራዊ ሁኔታ ለይቶ ለማስተዋወቅ ይረዳል። ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉት ስሞች በተለያዩ ሀገራት በንግድ ምልክትነት መመዝገባቸው ለዚህ ምሳሌ ነው። ስለ ቡና ጥራትና ወጪ ንግድ የኢትዮጵያ ቡናና ሻይ ባለሥልጣንን፣ ስለ ንግድ ምልክት ደግሞ የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣንን ማነጋገር ይቻላል።

በውጭ ሀገር ለሚኖሩ ወገኖች፦ ወደ ሀገር ቤት ለመጓዝ ወይም የውጭ ዜጋ ለመጋበዝ የሚያስፈልገውን የቪዛ መረጃ ከኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ወይም በአቅራቢያ ከሚገኝ የኢትዮጵያ ኤምባሲ ማግኘት ይቻላል። በልማትና በኢንቨስትመንት ለመሳተፍ የኢትዮጵያ ዳያስፖራ አገልግሎት መረጃ ይሰጣል።

ለሁሉም ዜጎች፦ ግጭትን የሚያሳይ ፎቶግራፍ ወይም ተንቀሳቃሽ ምስል ለሌላ ከማስተላለፍ በፊት የተነሣበትን ቦታና ቀን ማጣራት ተገቢ ነው። ያለ ቀን የሚሠራጭ የቆየ ምስል ያለፈውን ጦርነት የዛሬ ያስመስለዋል። የአካባቢን ሰላማዊ መልክ የሚያሳይ ምስልም እንዲሁ ቦታውና ቀኑ ቢጻፍበት ተአማኒነቱ ይጨምራል።

ማጠቃለያ

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንደሚባለው የሀገርም ስም ከጦርነቱ ዕድሜ በላይ ይቆያል። በ1977 ዓ.ም. የተሣለው ሥዕል ለአሥርት ዓመታት አልደበዘዘም። የሰሜኑ ጦርነት የተወው ሥዕልም በፍጥነት ይጠፋል ተብሎ አይጠበቅም። ጉዳቱን ከሁሉ በፊትና ከሁሉ በላይ የተሸከሙት ጦርነቱ የተካሄደባቸው አካባቢዎች ነዋሪዎች ናቸው። ከእነርሱ ቀጥሎ ግን ጥይት ያልሰሙ፣ በዜና ያልተጠቀሱ እንደ ማንኪራ ያሉ ስፍራዎችም የድርሻቸውን ከፍለዋል። ስለሆነም በሰሜን የሚጸና ሰላም የማንኪራ ጫካ ጠባቂም ጥቅም ነው። በየአካባቢው የሚሰጥ ትክክለኛና ቀኑ የታወቀ መረጃ ደግሞ ሰላም ባለበት ስፍራ ሁሉ እንግዳው እንዲመለስ ያግዛል።